የጫማ ልክ፦ የት ይጥበቅ፣ የት ይላላ?

(በሆሳዕና ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማዋ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሳችን ጫማ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ተማሪዎች «ጫማ ለማድረግም ትምህርት ያስፈልጋል?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጫማ ማድረግ ትምህርት አያስፈልገው ይሆናል፤ የጫማን ልክ ማወቅ ግን ያስፈልገዋል። ብዙዎቻችን ስለ ጫማችን ልክ ስንጠየቅ የምንመልሰው «አርባ አንድ»፣ «ሠላሳ ስምንት» ብለን አንድ ቁጥር ነው። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ልክ ማለት ቁጥር አለመሆኑን ነው። ልክ የሆነ ጫማ መያዝ በሚገባው ስፍራ እግርን ይይዛል፤ መልቀቅ በሚገባው ስፍራ ይለቃል። ይህ ለስፖርተኛ የውጤት፣ ለተማሪ የምቾት ጉዳይ ነው። እኛ በምንኖርበት ቀይ አፈር ላይ ለሚያርስ ገበሬ ግን የጤናና የክብር ጉዳይ ነው። ንግግሬም ቀስ በቀስ ወደዚያው ያመራል።

ጠባብና ጥብቅ

ከቋንቋችን እንጀምር። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉንን ቃላት አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦልናል። ጠባብና ጥብቅ አንድ አይደሉም። ጠባብነት የቅርጽ ጉድለት ነው፤ ጫማው ከእግሩ ስፋት አንሶ የተሠራ በመሆኑ ማሰሪያውን ብንፈታውም ጣትን መጭመቁን አይተውም። ጥብቀት ግን የአያያዝ ነገር ነው፤ በማሰሪያ፣ በዘለበት ወይም በላስቲክ እንጨምረዋለን፣ እንቀንሰዋለን። ሰፊና ልል የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ይለያያሉ።

ገበያ ላይ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው። ጠባብ ጫማ የገዛ ሰው ማሰሪያውን በማላላት፣ ሰፊ የገዛ ደግሞ በማጥበቅ ነገሩን ያስተካከለ ይመስለዋል። ሁለቱም አይሆንም። ጠባብ ጫማ ማሰሪያው ሲላላ ተረከዝን ይለቃል፤ ጣትን ግን እንደጨመቀ ይቀራል። ሰፊ ጫማ ማሰሪያው ሲጠብቅ የእግርን አናት ያንቃል፤ እግሩ ግን ውስጥ ለውስጥ መንሸራተቱን አያቆምም።

የሰዋስው መምህሮቻችን ፊደል «ይጠብቃል»፣ «ይላላል» እንደሚሉ ታስታውሳላችሁ። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ራሱን ውሰዱ። «ብ»ን አጥብቀን ስናነበው ጥበቃን፣ አላልተን ስናነበው መጥበቅን ያመለክታል። አጻጻፉ አንድ ነው፤ ፍቺውን የሚለየው የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ማወቅ ነው። ጫማም እንዲሁ ነው። እግርን የሚጠብቀው ሁለመናው የጠበቀ ጫማ ሳይሆን፣ በቦታው የጠበቀና በቦታው የላላ ጫማ ነው።

ቦታዎቹስ የትኞቹ ናቸው? በአንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉ። ስንራመድ ተረከዝ መሬት ይነካል፣ ክብደታችን በውስጥ እግር በኩል ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግር በጣቶች ሥር ይታጠፋል፣ በመጨረሻም አውራ ጣት መሬቱን ገፍቶ ይለቃል። በዚህ ሂደት ተረከዝ ከጫማው ጋር አብሮ መነሣት አለበት። ጫማው ወደ ኋላ ቀርቶ ተረከዝ ብቻውን ከተነሣ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ከውስጥ ይንቀሳቀሳል። ይህ በሺህ ለሚቆጠር እርምጃ ሲደጋገም የቆዳው ንብርብሮች ይላቀቁና በመካከላቸው ውሃ ይቋጠራል። ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጣቶች በተቃራኒው ቦታ ይሻሉ፤ እግር ክብደት ሲያርፍበት በርዝመትም በስፋትም ይጨምራልና። ቁልቁለት ስንወርድ እግር ወደ ፊት ይገፋል፤ ፊት ለፊቱ ክፍተት ከሌለው ጥፍር ይመታል፣ ይጠቁራል፣ ይወልቃል።

ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ተረከዝና የእግር አናት ይያዙ፤ ጣቶች ይለቀቁ።

እግር እንዴት ይለካል?

ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ ወለል ላይ አኑሩ። ተረከዛችሁን ግድግዳውን አስነክታችሁ በሁለት እግራችሁ ቁሙ። ተቀምጦ መለካት አይበጅም፤ ክብደት ያላረፈበት እግር ከእውነተኛው ያንሳልና። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የእግራችሁን ዙሪያ ይሣል። ከዚያም ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን ርዝመት፣ ቀጥሎም በጣቶች ሥር ያለውን ሰፊውን ቦታ በሚሊ ሜትር ለኩ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰው ላይ ሁለተኛው ጣት ይበልጣል።

ሦስት ነገሮችን አትርሱ። አንደኛ፣ ሁለቱንም እግሮች ለኩ፤ ሁለት እግር እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነው፤ ጫማ የሚገዛውም በትልቁ እግር ልክ ነው። ሁለተኛ፣ እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ጫማውን የምትሞክሩት ዘወትር በምትለብሱት ካልሲ ይሁን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በገበያችን በብዛት የሚታወቀው የአውሮፓ ቁጥር ነው። በዚህ አሠራር አንድ ቁጥር ከቀጣዩ የሚለየው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም በ6.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቁጥሩ የእግርን ርዝመት አለመናገሩን ነው። የሚናገረው ጫማ ሠሪው ቆዳውን የሚወጥርበትን የእግር ቅርጽ ርዝመት ነው። 42 ቁጥር ማለት 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቅርጽ ላይ የተሠራ ጫማ ነው። ከዚህ ላይ ለጣት መላወሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብንቀንስ፣ ጫማው የሚስማማው 26.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር ነው። ይሁን እንጂ መላወሻውን የሚወስነው ሠሪው ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ይለያል። የእንግሊዝ ቁጥር ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ኢንች፣ ማለትም በ8.47 ሚሊ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ የአሜሪካም የራሱ መነሻ አለው። ልባሽ ጫማ በሚሸጥበት ቦታ ሦስቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተለመደው ቁጥር ስለ ስፋት ምንም አይናገርም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠ ሌላ አሠራር አለ፤ ሞንዶፖይንት ይባላል። መነሻው ጫማው ሳይሆን እግሩ ነው። 265 ከተባለ 265 ሚሊ ሜትር ለሆነ እግር የተሠራ ማለት ነው፤ ከጎኑም የእግሩን ስፋት የሚገልጽ ሁለተኛ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ይህን አሠራር አጥብቀው ከያዙት መካከል የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ሠሪዎች ይገኛሉ። ምክንያቱን እንይ።

ከበረዶ ሸርተቴ ጫማ የምንማረው

ሆሳዕና ላይ በረዶ ከሰማይ ቢወርድም የሚንሸራተቱበት አይደለም። የበረዶ ሸርተቴን፣ በተለምዶ ስኪ የሚባለውን ስፖርት፣ የማነሣው ግን የልክን ነገር እንደ እርሱ አጉልቶ የሚያሳይ ጫማ ስለሌለ ነው። ቁልቁል ለሚወርድ ሸርተቴ የሚደረገው ጫማ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቆዳውን ትቶ በጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ሆኗል። ሁለት ክፍል አለው፦ የማይለጠጥ ውጫዊ ቅርፊትና በውስጡ የሚገባ ለስላሳ ገበር። የሚታሰረው በዘለበቶች ነው። ስፖርተኛው የሚንሸራተትበትን ጠፍጣፋ የሚያዝዘው በቅልጥሙና በእግሩ ስለሆነ፣ እግሩ በጫማው ውስጥ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢላወስ ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል። አጥብቆ ቢያስረው ደግሞ ደሙ በሚገባ አይዘዋወርም፤ እግሩ ይደነዝዛል፣ በብርዱም ይጎዳል።

ባለሙያዎቹ ልኩን የሚያውቁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ገበሩን ያወጣሉ። ሰውየው ባዶ ቅርፊቱ ውስጥ ይቆምና ጣቶቹን ፊት ለፊት ያስነካል። ከዚያ ከተረከዙ በስተኋላ ያለው ክፍተት ይለካል። ሁለት ጣት የሚያህል፣ ማለትም ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለተራ ተጠቃሚ ይስማማል፤ ተወዳዳሪዎች ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጉታል። ገበሩ ተመልሶ ሲገባ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ጣቶቹ ፊቱን ነካ ያደርጋሉ፤ ጉልበቱን ወደ ፊት ሲያጥፍ ግን ተረከዙ ወደ ኋላ ገብቶ ስለሚቀመጥ ጣቶቹ ይለቀቃሉ። ልኩ በቆመበት ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት አቋም ይፈተናል ማለት ነው። የሚለብሰውም አንድ ስስ ካልሲ ነው፤ ካልሲ መደራረብ ጫማውን ያጠብበዋል እንጂ እግሩን አያሞቀውም።

አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለው። ገበሩ በአገልግሎት ብዛት ይታመቃል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ የላላ ጫማ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ ይሰፋል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዘለበቱን ባጠበቀ ቁጥር የእግሩን አናት ያንቃል እንጂ ተረከዙን አይዝም። ቀደም ሲል ስለ ሰፊ ጫማ የተናገርነው በዚህ ጉልህ ሆኖ ይታያል።

ይህ ስፖርት ከአገራችን ፈጽሞ የራቀም አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል፤ አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችውም በእርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የእርሱ ውድድር ግን አገር አቋራጭ ሸርተቴ ነበር። የዚህ ስፖርት ጫማ ከቁልቁለቱ ጫማ በእጅጉ ይለያል፦ ቀላል ነው፤ ከሸርተቴው ጋር የሚያያዘው በጣቶቹ በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዝ በየእርምጃው ከሸርተቴው ላይ ይነሣል፤ በተለይ በክላሲክ አሯሯጥ ጫማው በጣቶች ሥር መታጠፍ አለበት። በአንድ በረዶ ላይ ሁለት ዓይነት ልክ አለ ማለት ነው። ልክን የሚወስነው እግሩ ብቻ ሳይሆን እግሩ የሚሠራው ሥራም ነው።

ሮም፣ ቶኪዮ፣ ሪዮ

ወደ ሩጫ እንመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አሸነፈ። ይህ ድል ብዙ ጊዜ የሚተረከው የጽናት ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ነውም። ከጫማ አንጻር ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ ያገኘው ጫማ ለእግሩ አልተመቸውም። በባዶ እግሩ ሲለማመድ የኖረ ሰው ስለነበረ፣ ልኩ ባልሆነ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ ባዶ እግሩን መረጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ነበር፤ ሰዓቱም 2፡12፡11.2 ሆነ። ከሁለቱ ውድድሮች ባዶ እግር ይሻላል ወይም ጫማ ይሻላል የሚል ድምዳሜ ላይ አያደርሰንም። የምንረዳው ልኩ ያልሆነ ጫማ ከሁለቱም እንደሚያንስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። እቴነሽ ዲሮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ላይ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተጋጭታ የቀኝ ጫማዋ ተበላሸባት። ልታስተካክለው ሞክራ አልሆን ሲላት ጫማውን፣ ቀጥላም ካልሲዋን አውልቃ ጥላ በአንድ ባዶ እግር መሰናክሉንና ውሃውን እየዘለለች ጨረሰች። ኋላም በቀረበው አቤቱታ ወደ ፍጻሜው እንድታልፍ ተፈቀደላት። በዚያች ቅጽበት ያደረገችው ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ተረከዝን የማይዝ ጫማ እግር ላይ ቢኖርም እንደሌለ ነው፤ እንዲያውም ያደናቅፋል።

በገበያችን ያለው ጫማ

በያሆዴና በመሳላ ሰሞን ቤተሰብ ለልጆቹ አዲስ ልብስና ጫማ ይገዛል፤ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው በዚያው ወር ነው። በዚያ ግርግር መካከል ልክ የሚረጋገጠው ብዙ ጊዜ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣት ጫን በማድረግ ነው። ይህ መጥፎ ጅምር አይደለም፤ ግን አይበቃም። ቀጥሎ ያለውን ፈተና ጨምሩበት። ጫማው ውስጥ የሚወጣ ንጣፍ ካለ አውጡትና ልጁ በላዩ ይቁም፤ ጣቶቹ ከንጣፉ ጠርዝ ውጭ ከፈሰሱ ጫማው ጠባብ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መቅረት አለበት። ከዚያ ታስሮ ይራመድ፤ ዳገትና ቁልቁለት ካለ ይውጣ፣ ይውረድ። ተረከዙ ከጫማው ቢነሣ ጫማው አልያዘውም።

«ለከርሞም ይሁነው» ብሎ በሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት የኑሮ ግዴታ መሆኑን አውቃለሁ። የሚያስከትለውን ነገር ግን እንወቀው። ልጁ ጫማው እንዳይወልቅ ጣቶቹን ቆልምሞ ይራመዳል፤ ተረከዙ ይላጣል፤ ሲሮጥ ይደናቀፋል፤ በመጨረሻም ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቁጥር ማስበለጥ፣ ወፍራም ካልሲ መጨመርና ማሰሪያ ያለውን መምረጥ የተሻለ መካከለኛ መንገድ ነው። የልጅ እግር ቶሎ ስለሚያድግም ልኩን በየሦስትና በየአራት ወሩ መመልከት ይገባል።

ኮንጎ ጫማ የብዙ ገበሬ ቤተሰብ ባለውለታ ነው። ርካሽ ነው፤ ይታጠባል፤ ዝናብ አያበላሸውም። ነገር ግን ማሰሪያ የለውም፤ ፕላስቲኩም ከእግር ጋር ተለጥጦ አይለመድም። ስለዚህ በኮንጎ ላይ የሚታረም ነገር ስለሌለ ከመግዛት በፊት መሞከር ከሌላው ጫማ ሁሉ ይበልጥ የግድ ይሆናል። ካልሲ ቢደረግበት ላቡንም መፋተጉንም ይቀንሳል። ታኬታ በተቃራኒው እግር ላይ ቀረብ ብሎ ይደረጋል፤ ኳስ ተጫዋች በድንገት ስለሚዞር እግሩ ወደ ጎን መንሸራተት የለበትም። ቢሆንም ጣት የሚያጥፍ ታኬታ ኳስን መቆጣጠር አያሻሽልም፤ ጥፍርን ነው የሚያጠፋው።

ማሰሪያን በተመለከተ አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። አስቀድማችሁ ክሩን ከታች ጀምሮ እስከ ላይ አላሉት። እግራችሁን አስገቡና ተረከዛችሁን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስቀምጡት። ከዚያ ከጣት በኩል እየጀመራችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ከታች ለስለስ፣ ከላይ ጠበቅ ይበል። ጫማው ከላይ በኩል ተጨማሪ ቀዳዳ ካለው ክሩን በዚያው ወገን አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ እሰሩት። ይህ ጣትን ሳይጨምቅ ተረከዝን ብቻ ይይዛል። የእግራችሁ አናት ከፍ ያለ ከሆነና ክሩ የሚያሳምማችሁ ከሆነ፣ በሚያሳምማችሁ ቦታ ላይ ክሩን ሳታመሳቅሉ በየጎኑ ወደ ላይ አሳልፉት።

ሕመም የማይሰማው እግር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር ይገምታል፦ ጫማው ሲጎዳን እንደሚሰማን። ሥጋ ደዌ ወይም ለረጅም ጊዜ የቆየ የስኳር ሕመም የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። በሕንድ ከሥጋ ደዌ ታማሚዎች ጋር የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ ያስተማረው ትልቅ ቁም ነገር፣ በታማሚዎቹ እግር ላይ የሚወጣው ቁስል በአብዛኛው ከማይሰማ፣ ከሚደጋገም ጫና የሚመጣ መሆኑን ነው። ስለዚህም ጫማ የሕክምናው አካል ሆነ። አዲስ አበባ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለእንዲህ ያሉ እግሮች ልዩ ጫማ ሲያዘጋጅ ኖሯል።

ተማሪዎች ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ስሜቱ የደከመ እግር ያለው ሰው ጫማ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ጠባቡን ይወስዳል፤ ትክክለኛው ልክ የወለቀ ያህል ስለሚመስለው የሚሰማው ጠባቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ለስኳር ታማሚ «የተመቸህን ግዛ» ማለት ምክር አይደለም። በወረቀት ላይ ተለክቶ፣ ጫማውም በልኬቱ ተመርጦ፣ ማታ ማታ እግሩ በዓይን ሊታይለት ይገባል።

እብጠት ያለበት እግር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። በእንግሊዛዊው ሐኪም በኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው፣ እኛ የእግር ዝሆኔ የምንለው ሕመም በትንኝ የሚተላለፍ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሊምፍ ሥሮችን ያስቆጣሉ፤ ሥሮቹ ሲደፈኑ እግር ያብጣል። ዝናብ የሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ይመቹታል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። ጎረቤታችን ወላይታ በጉዳዩ ላይ ብዙ ጥናት ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የሀዲያና የከምባታ ደጋና ወይና ደጋም በአፈሩ፣ በከፍታውና በዝናቡ ከወላይታ እምብዛም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በወላይታ የተካሄደ የዘረመል ጥናት ለሕመሙ ተጋላጭነት በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። ይህን ሰምቶ «የዘር በሽታ ነው» በማለት ከቤተሰቡ ጋር ጋብቻን የሚሸሽ ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ ሕመሙ አይመጣም።

እግርን ከአፈር የሚጠብቀው ጫማ ነው። ጉዳዩ ከልክ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ነጠላ ጫማ እግርን አይሸፍንም። የማይመች ጫማ ለገበያና ለአምልኮ ቀን ይቀመጣል፤ እርሻ ላይ፣ ማለትም አፈሩ ባለበት ቦታ፣ ይወልቃል። የወለቀ ጫማ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሕመሙ ለጀመረው ሰው ችግሩ ድርብ ነው። እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እግሮች ላይ ቢሆንም እኩል አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀኝ እግር አርባ፣ ግራው አርባ አራት ሊሻ ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ እብጠቱ ሌሊት ቀንሶ ቀን ይጨምራል። የሕክምናው ዋና ክፍል እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል ስለሆነ ጫማው ፋሻውንም መቻል አለበት። በሱቅ የሚሸጥ ጥንድ ጫማ ለዚህ እግር አይሆንም። ሰውየው «ጫማ አላደርግም» ሲል እምቢተኛ ነው ብለን የምንፈርድበት ጊዜ አለ፤ ልብ ብለን ብናየው የሚሆነው ጫማ አላገኘም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይሻም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በወላይታ የሚንቀሳቀሰው ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር የታማሚዎችን እግር እየለካ በልካቸው ጫማ ሲያሠራ ቆይቷል። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም የእግር ንጽሕናን፣ ፋሻን፣ ካልሲንና ጫማን ያካተተ ቀላል እንክብካቤ ታማሚዎችን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ምን እናድርግ?

ሦስት ነገሮችን አሳስቤ ልጨርስ። ጫማ በእርዳታ ሲታደል ሪፖርታችን «ይህን ያህል ጥንድ ታደለ» ይላል። ጥያቄው ግን ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ እግር ላይ ውሎ ይገኛል የሚለው ነው። ከማደል በፊት እንለካ፤ ካደልን በኋላ ተመልሰን እንይ። ሁለተኛ፣ የጤና፣ የስፖርት ሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። የሕዝባችን የእግር ርዝመትና ስፋት፣ ኮንጎን በማሰሪያ የማሻሻል ሙከራ፣ ባልተስተካከለ ጥንድ ጫማ የሚሸጥበት መንገድ፤ እነዚህ ሁሉ ተመራማሪ ይጠብቃሉ። ሦስተኛ፣ በከተሞቻችን ጫማ የሚሰፉና የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ። የቆዳን ጠባይ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። እኛ ልኬቱን ብንይዝላቸው እነርሱ ጫማውን ያበጁታል።



ከተሳታፊዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ አዲስ ጫማ ሲጠብ «ይለመዳል» እንላለን። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ቆዳ በስፋቱ በመጠኑ ይለጠጣል፤ ገበሩም ይለሰልሳል። በርዝመቱ ግን አይጨምርም፤ ፕላስቲክ ደግሞ በየትኛውም በኩል አይለመድም። ስለዚህ የእግርን ጎን ጥቂት የሚነካ የቆዳ ጫማ ሊለመድ ይችላል፤ ጣት የሚመታ ጫማ ግን ለሌላ እግር ይሰጥ።

ጥያቄ፦ በባዶ እግር መሄድ ለእግር ጡንቻ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። አያቶቻችንም በባዶ እግራቸው ኖረዋል። ጫማ ማድረግ ይህን ያህል የግድ ነው?

መልስ፦ በባዶ እግር መራመድ የእግርን ጡንቻ እንደሚያሠራ አልክድም፤ ንጹሕ ወለል ወይም ሣር ላይ ልትለማመዱ ትችላላችሁ። የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ጡንቻ ሳይሆን ስለ አፈሩ ነው። አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ኖረዋል፤ ከእነርሱ መካከል እግራቸው አብጦ ከሰው ተለይተው የኖሩም ነበሩ። እነርሱ ምክንያቱን የሚነግራቸው አላገኙም፤ እኛ ግን አውቀነዋል። እርሻ የሚወርድ ሰው ሁሉ እግሩን የሚሸፍን፣ ተረከዙን የሚይዝ፣ ጣቱን የሚለቅ፣ ቀኑን ሙሉ አድርጎት ሊውል የሚችለው ጫማ ያስፈልገዋል።